መቶ ዋት በቦንጋ ሰማይ ሥር

በዚህች አገር ከደላላም ከፖለቲከኛም በላይ የሚዋሸው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? አዲስ ዕቃ የገዛ ሰው! እንዴት አወቅህ አትበሉኝ... ገዝቼ ነዋ።

የገዛሁት ሶላር ነው፤ ያ መስተዋት የለበሰው ከባዱ ሳይሆን ስሱ፣ እንደ ሰሌን የሚጠቀለለው። ጀርባው ላይ «መቶ ዋት» ይላል። ሻጩ «ደመና አይበግረውም» ሲለኝ፣ ቦንጋን አንድ ክረምት ያየ ሰው መጠርጠር ነበረበት። እኔ ግን የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ... ጭራሽ ምክንያቱን ለሻጩ አብራራሁለት!

እስከዚያ ቀን መብራት የምንስበው ከጎረቤታችን ከእትዬ አበበች ቆጣሪ ነበር። ሶላሩን ጣሪያ ላይ በዘረጋሁ ዕለት ገመዳቸውን ጠቅልዬ መለስኩ። ዝም ብዬ ብመልስ ምን ነበረበት? ግቢያቸው መሀል ቆሜ ስለ ፀሐይ ኃይል አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ አስተማርኩ። ባለቤታቸው ጋሽ ኃይሌ እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው ሰሙኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ!

ከዚያ ደመናው መጣ። መጣ ስል... ድሮም እዚያው ነበር። መቶ ዋቱ አንድ ስልክ ለመሙላት ግማሽ ቀን ይፈጅበት ጀመር። የባለቤቴ የአስካለ የኤሌክትሪክ ስፌት መኪና አንድ እጅጌ ሳትጨርስ ቀጥ ትላለች። ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው፤ የተቆረጠ ዩኒፎርም ቤቱን ሞልቶታል። እኔ ሶላሩን ከጣሪያ አውርጄ፣ በብብቴ ይዤ ፀሐይ አሳድዳለሁ። በአጥሩ በኩል ብቅ ስትል እሮጣለሁ፤ ስደርስ እሷ ጓሮ ናት። ሻጩ ጋ ብደውል፣ መቶ ዋቱ የተለካው በላቦራቶሪ ብርሃን መሆኑን፣ በደመና ግን ከሌሎቹ ሶላሮች እንደሚሻል በትህትና አስረዳኝ። ልብ በሉ፣ ይሻላል እንጂ ይሠራል አላለም።

አስካለ መኪናዋን በጨርቅ ሸፈነችና «ገመዱን ለምነህ አምጣ» አለችኝ። ይህ ከአራት ቀን በፊት ነው፤ እስካሁን ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ሄድኩ። እትዬ አበበች አልሳቁብኝም፤ ያ ደግሞ ይበልጥ አሳፈረኝ።

«ገመዱን እሰጥሃለሁ» አሉ። «መጀመሪያ ግን ጋሽ ኃይሌን መልስልኝ። ያንተን ትምህርት ሰምተው ሁለት ሶላር ሊገዙ፣ የወተት ላማችንን ሊሸጡ ነው።»

ጋሽ ኃይሌ ዘንድ ገብቼ ተናዘዝኩ፤ እንደማይሠራ፣ እንደዋሸሁ፣ ሚስቴ እንዳኮረፈችኝ ሳይቀር። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አዳመጡኝ።

«ገባኝ» አሉ። «በሰፈሩ ብቻህን ልታበራ ነው።»

ውሸቴን በአንድ ቀን የተቀበሉ ሰው እውነቴን ምቀኝነት አደረጉት! አንድ ተስፋ ብቻ ቀርቶኛል፤ ጋሽ ኃይሌ ጋዜጣ ላይ የወጣ ነገር አይጠራጠሩም። እንግዲህ ጋሽ ኃይሌ፣ ይኸው ወጣ፤ ላሟን አይሽጧት።

እትዬ አበበች፣ ነግሬያቸዋለሁ። አሁን ገመዱን።