መዘውሯ እስክትመረጥ

መራጭ የሌለበት ሰፈር የለም። የተደረደረውን ሐብሐብ ሁሉ እንደ ሐኪም ጆሮውን አስጠግቶ ሲያንኳኳ ቆይቶ ሎሚ ገዝቶ የሚሄደውን ታውቁታላችሁ። ጫማውን ለክቶ፣ ተራምዶ፣ ቁጭ ብድግ ብሎ፣ «እግሬ ዛሬ ትንሽ አብጧል፣ ሌላ ቀን ልምጣ» የሚለውንም ታውቁታላችሁ። ያገባችሁት ካላችሁ ፈጣሪ ያበርታችሁ። እነዚህ ሁሉ ግን ገና ጀማሪዎች ናቸው። የመራጮች ሁሉ የበላይ በየቅዳሜው ከሰዓት የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ በሚሸጥበት አንድ ጠባብ ሱቅ ውስጥ፣ በጎማ ቦቲዎችና ላባ በሞላባቸው ማሰሮዎች መሃል ቆመው ይገኛሉ።

ባለሱቋ ያወጣችላቸው ስም «ክቡር ቆይ እስኪ» ነው። ፊት ለፊት ግን «ጋሼ» ትላቸዋለች፤ ሱቅ ነዋ።

ክቡርነታቸው የአሳንሰር ፍሬን መርማሪ ሆነው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ገመድ ሲጎትቱ፣ ፍሬን ሲያዳምጡ፣ «ይሄኛው ሰው ይጥላል፣ ያኛው አይጥልም» ሲሉ ኖሩ። ጡረታ ሲወጡ ያን ሁሉ ጥርጣሬ የት ያድርሱት? ሰብስበው መዳፍ በምታክል መዘውር ላይ አራገፉት።

መዘውሯ ከማጥመጃው ዘንግ ሥር የምትታሰር፣ ክር የሚጠቀለልባት ዕቃ ናት። ከላባ በተሠራ ዝንብ ዓሣ የሚያጠምድ ሰው ያለ እሷ አይሆንለትም። ዓሣው ዝንቡን ጎርሶ ሲፈረጥጥ ክሩን እየለቀቀች፣ በፍሬኗ ደግሞ ያዝ እያደረገች የምታደክመው እሷ ናት። ይኸው ነው። ሌላ ሰው ገብቶ፣ አይቶ፣ አንዷን አንስቶ ይሄዳል።

ክቡርነታቸው በመጀመሪያ እግራቸውን በር ላይ ይጠርጋሉ። ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ። ከዚያ መዘውሯን ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የሞተ ዘመድ ድምፅ የሚሰሙ ይመስል ያሽከረክሯታል። ቀጥሎ ነቅነቅ ያደርጓታል፤ ከተንገጫገጨች አበቃላት። ከቤት ይዘውት በሚመጡት ዘንግ ላይ አስረው በአንድ ጣት ሚዛኗን ይለካሉ። ይህ ዘንግ ራሱ እንዲሁ ሲመረጥ የኖረ ነው፤ መዘውር እስኪገኝለት ድረስ በሳምንቱ መሃል ባለቤታቸው ካልሲ ያሰጡበታል።

ዋናው ፈተና የዓሣው ነው። ሱቅ ውስጥ ደግሞ ዓሣ የለም። ስለዚህ ባለሱቋ ዓሣ ትሆናለች።

የክሩን ጫፍ አንጓዋ ላይ ያስሩና «በይ ልጄ፣ እስኪ ሂጂልኝ» ይሏታል። በሩን አልፋ፣ የጎረቤቷ ልብስ ሰፊ ደጃፍ ስትደርስ ድምፃቸው ከኋላዋ ይከተላታል። ፍጠኚ ይላሉ። አሁን ተናደጂ ይላሉ። መንጠቆው ገና አሁን ነው የተሰማሽ ይላሉ። ልብስ ሰፊው ከስፌት መኪናው ላይ ቀና ብሎ፣ «ዛሬም ተያዝሽ?» ይላታል።

«ምን ላድርግ ብለህ ነው? አይበሉኝ፣ አይለቁኝ።»

ከሱቁ ውስጥ ደግሞ ፍርዱ ይሰማል። «ቆይ እስኪ። ሲነሳ ነጠቀ።» ነጠቀ ማለት ፍሬኑ መነሻው ላይ ጨምድዶ ይዞ ኋላ ላላ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ፍሬን ዓሣው ገና ዘወር ሲል ቀጭኑን የክር ጫፍ ይበጥሰዋል። እናም መዘውሯ ወደ መደርደሪያዋ፣ ዓሣዋም ወደ ባንኮኒዋ ይመለሳሉ።

ሰዉ ይስቅባቸዋል። ይሳቅ። ግን እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ቤት ስንከራይ ቧንቧውን ከፍተን አናይም። አለቃ ሲሾምብን ፍሬኑን የሞከረ የለም፤ ሲነሳ የሚነጥቅ መሆኑን የምናውቀው ከበጠሰን በኋላ ነው። ልጆቻችንን የምናሳድርበትን ሕንጻ ማን እንደሠራው ሳንጠይቅ የግድግዳው ቀለም ደስ ስላለን ብቻ ሻንጣችንን ተሸክመን እንገባለን። አንድ ሽማግሌ ለአንዲት መዘውር ሲጨነቅ ስናይ ግን ሆዳችንን ይዘን እንስቃለን። ይሁና።

አንድ ጊዜ አከፋፋዩ ወርቅ የመሰሉ መዘውሮች በካርቶን ሙሉ ይዞ መጣ። እንደ ሙሽራ ያበራሉ። እሱም ምላሱ ቅቤ ነው፤ ባለሱቋ ልትቀበለው ምንም አልቀራት። ክቡርነታቸው አንዷን አንስተው ጆሯቸው ላይ አሽከረከሯት፣ ዓይናቸውን ገለጡ፣ ከኪሳቸው መፍቻ አውጥተው ፈቷት። የውስጥ ጥርሶቿ ብረት የሚያስመስል ቀለም የተቀባ ፕላስቲክ ሆነው ተገኙ። አከፋፋዩ ሳይደነግጥ ይህ ለጀማሪዎች የተሠራ ነው ብሎ ያስረዳ ጀመር።

«ዓሣውም ጀማሪ ነው?» አሉት።

ካርቶኑ እንደመጣ ተመለሰ። ባለሱቋ ለሳምንት ያህል ባዶ መደርደሪያ እያየች ስታጉረመርም ከረመች፤ ምርቃት ይሁን እርግማን ልብስ ሰፊው እንኳ ሊለይ አልቻለም።

ባለቤታቸውም አንድ ቀን ከገበያ ሲመለሱ ወደ ሱቁ ጎራ ብለው ነበር። ባለሱቋ ባሏ የት እንዳለ ልታረጋግጥ የመጣች ሚስት መስለዋት ደንገጥ አለች። እሳቸው ግን ወንበር ስበው ተቀመጡና፣ «ልጄ፣ አትድከሚ» አሏት። «እኔን መርጦ እስኪያገባኝ ድረስ ታናናሾቼ ሁሉ ተድረው ወልደው ነበር። አባቴ ቢቸግረው ‹ይህ ሰው ልጄን ያገባታል ወይስ ይመረምራታል?› ብሎ ሽማግሌ ላከበት።»

ተሳሳቁ። ወይዘሮዋ ዘንቢላቸውን አንስተው ሲወጡ በሩ ላይ ዞር ብለው፣ «አንዴ ከመረጠ ግን ሌላ ዞር ብሎ አያይም» አሉ። ባለሱቋ ይቺን ሰማቻት እንጂ ያኔ ልብ አላለቻትም።

ክቡርነታቸው ደጋግመው የሚያነሷት አንዲት መዘውር ነበረች። ግራጫ ናት፣ አታብረቀርቅም፤ ፍሬኗ ውሃና አሸዋ እንዳይገባበት ተደፍኗል። ስትሽከረከርም ድምጿ እንደተኛ ሕፃን ትንፋሽ ነው። የሠራት ፋብሪካ ተዘግቶ የቀረችው አንዲቱ ብቻ ነች። ባለሱቋ ካመለጠችዎ ሌላ አይገኝም ብላ ነገረቻቸው። እሳቸውም «ቆይ እስኪ» አሉ። እሷ ደግሞ መዘውሯን ከመደርደሪያው አንስታ ከባንኮኒው ሥር ባለው መሳቢያ፣ ጓንት ሥር ሸሸገቻት። ለምን ብሎ የሚጠይቃት ቢኖር ረስቼው ነው ትል ነበር።

አንድ ቅዳሜ ክቡርነታቸው ከመሳቢያው ያወጣችላቸውን ግራጫዋን ጆሯቸው ላይ አድርገው ቆመው ሳለ አንድ የጥርስ ሐኪም ገባ። መኪናውን ሳያጠፋ ነው የወረደው። ነገ ወደ ወንዝ እንደሚወርድ፣ ጥሩ መዘውር እንደሚፈልግና ጊዜ እንደሌለው በአንድ ትንፋሽ ተናገረ። ከዚያ ሽማግሌውን አየና፣ «አባቴ፣ እርስዎ የሚያውቁ ይመስላሉ። የቷን ልውሰድ?» አለ።

ሌላ ሰው ቢሆን ግራጫዋን ኮቱ ውስጥ ሸጉጦ ከግድግዳው ላይ ያገኘውን ይጠቁም ነበር። ክቡርነታቸው መዘውሯን አዩ። ሐኪሙን አዩ። እንደገና መዘውሯን አዩ። መዋሸት የሚችሉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ በየሕንጻው ስንቱ ወድቆ በቀረ ነበር።

«ይቺን» አሉና እጃቸውን ዘረጉ።

ያኔ ነው ለባለሱቋ የገባት። ለካ ከመረጡ ቆይተዋል።

ሐኪሙ ተቀብሎ ወደ እሷ ገፋ አደረጋት፤ ጠቅልይልኝ አላት። ባለሱቋ መዘውሯን ያዘቻት፣ አልጠቀለለቻትም።

«ይቅርታ ዶክተር፣ እሷ ተይዛለች።»

«ማን ያዛት?»

«እሳቸው።»

ሐኪሙ ወደ ሽማግሌው ዞረ። «ታዲያ እኔን ውሰድ ይሉኛል እንዴ?»

«እሳቸው ገና አልሰሙም» አለችው።

ሐኪሙ ከት ብሎ ሳቀና ሌላ እንዲመረጥለት ጠየቀ። ክቡርነታቸው ሁለተኛዋን አወረዱለት፤ አሸዋ ላይ እንዳያስቀምጣት፣ ማታ ማታ ፍሬኗን እንዲያላላላት መክረው ሸኙት። የመኪናው ድምፅ ራቀ።

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን በእጃቸው ሲያዟዙሩ ቆዩ። ቀስ ብለው፣ «እንግዲህ ልጄ፣ ጠቅልይልኝ» አሉ።

ባለሱቋ ይህን ቃል ስትጠብቅ ስንት ጊዜ ተጎትታለች። በሰማችው ቀን እልልታዋን አቀልጣለሁ ብላ ለልብስ ሰፊው ዝታ ነበር። ወረቀት ሳበች፣ መዘውሯን መሃሉ ላይ አኖረች፣ አንዱን ጎን አጠፈች። በዚህ መሃል የወይዘሮዋ ነገር መጣባት። ሌላ ዞር ብሎ አያይም። ካላዩ ደግሞ እዚህ ምን ያመጣቸዋል? ቅዳሜ ከሰዓት በሩ ላይ እግሩን የሚጠርግ ማን ነው? የሚያብረቀርቅ ካርቶን ሲመጣ መፍቻ የሚያወጣው ማን ነው? እጇ ወረቀቱ ላይ ቀረ።

«ቆይ እስኪ» አለች። አንቱታውንም ረሳችው።

«ምን ሆነ?»

«በእርጥብ ክር አልሞከርናትም። ፍሬን ውሃ ሲነካው ጠባዩ ይለወጣል ሲሉኝ አልነበር?»

ክቡርነታቸው በመነጽራቸው አናት አዩዋት። የፍሬን ሰው ናቸውና የሚይዝ ነገር ሲይዝ ይሰማቸዋል። ባርኔጣቸውን መልሰው ባንኮኒው ላይ አኖሩ።

«ልክ ነሽ» አሉ። «ይሄማ በአንድ ቅዳሜ የሚያልቅ አይደለም።»

ባለሱቋ መዘውሯን ከወረቀቱ አውጥታ ዘንጉ ላይ አሰረችላቸው። ክሩን ቦቲ በምትሞክርበት ባልዲ ውስጥ ነክራ ጫፉን ራሷ አንጓዋ ላይ ቋጠረች፤ ውሃው እየተንጠባጠበ በሩን አልፋ ወጣች። መዘውሯ ከኋላዋ ቀስ ብላ፣ ሳትነጥቅ ለቀቀች።

ልብስ ሰፊው ቀና አለ። «ዛሬም ተያዝሽ?»

«ዝም በል» አለችው፤ «ዓሣ አያወራም።»