ፀሐይ ያላየው ቀለም

በጣቱ ሳይነካ የማያምን ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ሰመራ ከተማ፣ አንድ ማስታወቂያ ቤት ውስጥ ነው ያገኘሁት። እዚያ ያለው ማሽን በፕላስቲክ ሰሌዳ ላይ ቀለም እየረጨ፣ ወዲያው በራሱ መብራት ያደርቀዋል። ሐጂ ዑመር ከሚሌ የመጡት በማግሥቱ ለሚከፍቱት ምግብ ቤት፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል የምግብ ዝርዝር ሊወስዱ ነው። ሰሌዳውን በአውራ ጣታቸው አሹት፤ ጣታቸውን አዩት፤ አሸተቱት።

«አልደረቀም።»

«ሐጂ፣ ደርቆ ነው እኮ የሚወጣው» አለቻቸው ማሽኑን የምታሠራው ባለሙያ።

«ፀሐይ ሳያየው? ወላሂ አይሆንም!»

ተሸክመው ወጡና ደጅ አሰጡት። የሰመራ ፀሐይ መቼ ይምራል? ብዙም ሳይቆይ ሰሌዳው እንደ ግመል ጀርባ ጎበጠ። ባለሙያዋ ራሷን ያዘች፤ ሐጂ ግን ፊታቸው በራ።

«አላልኳችሁም? ደርቆ ቢሆን ኖሮ ይጎብጥ ነበር?»

እኔም ማንም ሳያየኝ ሰሌዳውን ነካሁና ጣቴን አሸተትኩት።