የሙሜ ግራ እግር

የታመመ ሰው ወይም የቆመ መኪና አይቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ ያገሬ ሰው ካለ አሳዩኝ። ለበሽተኛው ዳማከሴ ያዛል፤ ለመኪናው «ባትሪው ነው፣ ግፉት» ይላል። እኔ ድሬሰር ነኝ። ከጎንደር ተመድቤ አሰበ ተፈሪ ስመጣ ከበሽታው ይበልጥ ያስቸገረኝ የመካሪው ብዛት ነበር። እንግዲህ አንድ መኪናና አንዲት እግር አብረው ሲታመሙ ከተማው ምን እንደሆነ ገምቱት።

እግሪቱ የሙሜ ናት። ሙሜ ጎረቤቴ ነው፤ የታወቀ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። በኦጋዴን ጦርነት ግራ እግሩን ከጉልበቱ በታች አጥቶ በክራንች ተመለሰ። ችግሩ፣ እግሪቱ መቆረጧን አልሰማችም። ታሳክከዋለች፣ ታቃጥለዋለች፣ ጣቷን ይቆረጥማታል። ቁስሉን አድርቄዋለሁ፤ የሌለችውን እግር ግን በምን ፋሻ ልጠቅልላት? ማስታገሻ ክኒን እሰጠዋለሁ፤ «ቀስ እያለ ይጠፋልሃል» እለዋለሁ። «ኢንሻ አላህ» ይለኛል፤ እንዳላመነኝ ግን ያስታውቃል።

ቀኑን የሚገፋው ደጁ ላይ ተቀምጦ ወደ ሐረር የሚወጡትን መኪናዎች በማዳመጥ ነበር። ካሚዮን ዳገቱ ላይ ማቃሰት ሲጀምር የቀረው የግራ ጉልበቱ ዘለል ይላል። «አማ!» ይላል ሙሜ። በኦሮምኛ አሁን ማለቱ ነው፤ አሁን ማርሽ ቀይር። ሹፌሩ ከዘገየ፣ የተሰደበው እሱ ይመስል ፊቱ ይጨልማል። ሚስቱ ሐሊማ አንድ ቀን ይህን አብራኝ አየችና፣ «ድሬሰር፣ አንተ የምታክመው እግሩን ነው፤ እሱን ያመመው መሪ አለመያዙ ነው» አለችኝ። (አንቱታ አዋሽን አይሻገርም። መጀመሪያ ደንግጬ ነበር፤ አሁን አንቱ የሚለኝ ሰው ሲገጥመኝ የተቀየመኝ ይመስለኛል።)

መኪናው ደግሞ የሐጂ ኡስማን ነው። ሐጂ ድሮ ሙሜን ያሠሩት የነበሩ ቡና ነጋዴ ናቸው። አንድ ፈረንጅ ጥሎባቸው የሄደ ረጅም የአሜሪካ መኪና ግቢያቸው ቆሞ ዶሮ ይፈለፈልበታል። ጥፋቱ ማርሽ ሲቀየር በግራ እግር የሚረገጠው ፍሪሲዮን የሌለው መሆኑ ብቻ ነው። አውቶማቲክ ይሉታል፤ ማርሹን ራሱ ይቀይራል። የከተማው ሹፌሮች ተራ በተራ ሞከሩት። ልማድ ክፉ ነው፤ ፍጥነት ሲጨምሩ ግራ እግራቸው ፍሪሲዮን ፍለጋ ይወርድና ሰፊውን ፍሬን ይረግጠዋል። ከዚያ ግንባር ከመስታወት ይጋጫል። ግንባሩን ሁሉ በፋሻ ያሸግሁት እኔ ስለሆንኩ ወሬ አይደለም።

ሐሊማ ይህን ሰማችና ሐጂ ዘንድ ሄደች። «ይኼ መኪና ግራ እግር የሌለው ሹፌር ነው የሚፈልገው» አለቻቸው። ከተማው «አንድ ዓይን ያላት በአፈር ትጫወታለች» ብሎ ተረተባት። ሐጂ ግን አሰቡበት። ሙሜ ዳገቱን አውጥቶ ቡና ወደሚገዙበት መቻራ ካደረሳቸው ሥራው የሱ ነው፤ ካልሆነ መኪናው ተፈትቶ ይሸጣል።

ሙሜ መሪ ጨበጠ፤ እኔና ሐጂ ተሳፈርን። የሚረግጥበት ግራ እግር የለውምና ግንባሩም ግንባራችንም ተረፈ። ዳገቱ ላይ ግን መኪናው ማርሽ መቀየር ረሳ። እንደታነቀ ሰው ጮኸ፣ ጮኸ፣ ፈላ፣ ቆመ። ከኋላ የተቀመጡት ሐጂ የሚያውቁትን ዱዓ ሁሉ ጨርሰው ወረዱና እስከ ጁምዓ ድረስ ብቻ እንደሚታገሡ ተናገሩ።  ሙሜ መሪውን እንደ ሕፃን ራስ ሲዳብሰው አየሁት፤ አንጀቴን በላው።

መካኒኩ አብዶሽ ከሥር ገብቶ መረመረ። ከነዳጅ መርገጫው ማርሹ ወዳለበት ካምቢዮ የምትሄድ ቀጭን ዘንግ አለች። ዳዶዋ ወደ አንድ በኩል ሲዞር መኪናው ማርሽ ቶሎ ይቀይራል፣ ወደ ሌላው ሲዞር ይዘገያል። ልኩ የት ነው? ልኩን የሚያውቀው ፈረንጅ አገሩ ገብቷል። ጫት ጫኞቹ ይዘግይና ይብረር አሉ። መምህራኑ ይፍጠንና ቤንዚን ይቆጥብ አሉ። ድሬሰር ምን ትላለህ ስባል፣ እኔም ያው ያገሬ ሰው ነኝ፣ ባትሪው ሳይሆን አይቀርም አልኩ።

ሙሜ የቀረውን ጉልበቱን መታ መታ አደረገና፣ «ልኩ እኔ ጋ አለ» አለ።

ወጣን። እኔ ከጎኑ ተቀምጬ ጉልበቱን አያለሁ። ሞተሩ ማቃሰት ሲጀምር ጉልበቱ ዘለለ፤ የሌለችው እግር ፍሪሲዮን ረገጠች። «አማ!» አለ። መኪናው ዘግይቶ ቀየረ። ተመልሰን ወረድን፤ አብዶሽ ዳዶውን አዞረ። እንደገና ወጣን። «አማ!» አሁንም ትንሽ ዘገየ። ወረድን፣ ወጣን። ሐሊማ ከዳገቱ ሥር ቆማ ነጠላዋን ትነክሳለች። በመጨረሻ ጉልበቱ ሲዘል፣ ሙሜ አፉን ሲከፍት፣ ቃሉ ሳይወጣ መኪናው በለስላሳው ቀየረ።  እንባው ጢሙ ላይ እየወረደ፣ «ሰማኝ፣ ወላሂ ሰማኝ» አለ። እኔም አለቀስኩ፤ ምን አባቴ ልደብቅ?

ጁምዓ ከሶላት በኋላ ሐጂን መቻራ አድርሷቸው ተመለሰ። ማታ ቤቴ መጣና የሰጠሁትን ክኒን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። የመቻራ መንገድ ዘንጊቱን በየጊዜው ያላላታል አለኝ፤ እግሪቱን በክኒን ካስተኛናት ታዲያ የዘንጊቱን ልክ በምን ያውቃል?  ክኒኑን ተቀበልኩ።

ከዚያ ወዲህ ሙሜ ከመቻራ ሲመለስ እንደ ሙያዬ «ተሻለህ?» አልለውም። «ዛሬም ያምሃል?» እለዋለሁ። «አልሐምዱሊላህ፣ ያመኛል» ይለኛል። እኔም ተመስገን እላለሁ።