የተቆለፈበት ትንፋሽ

እኛ አንድን ነገር ማክበራችንን የምናሳየው ቁልፍ በመግዛት ነው። አዲስ ኮምፒውተር ሲመጣ ይቆለፍበታል፤ ኳስ ሲለገሰን ይቆለፍበታል፤ ቤተ መጻሕፍቱም ተማሪ ገብቶ መጽሐፍ እንዳይነካ ይቆለፋል። እናንተም መሥሪያ ቤት እንዲህ የተቆለፈ ቁም ሣጥን አለ፤ እኔን አትሸውዱኝም።

እንጅባራ ባለው ትምህርት ቤታችን፣ ተማሪዎች መድኃኒት በኪሳቸው ይዘው እንዳይዞሩ መመሪያ ይውጣ ሲባል ያረቀቅሁት እኔ ነኝ። ደግሞ አሳምሬ ነው ያረቀቅሁት! መድኃኒት ያለው ሁሉ ያስረክባል፤ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ባለው ቁም ሣጥን ይቆለፍበታል፤ ሲፈለግ በወላጅ ደብዳቤና በሦስት ፊርማ ይወጣል። መምህራኑ በሙሉ ድምፅ አጸደቁልኝ። እኔም ለሳምንት ያህል ደረቴን ነፍቼ ሄድሁ።

ታዲያ አንድ ብርዳም ጠዋት፣ ሰልፍ ላይ እንዳለን፣ ከዘንገና በእግሯ የምትመጣው የሰባተኛ ክፍሏ ጥሩወርቅ አስሟ ተነሣባት። ደረቷ ያፏጫል፤ ከንፈሯ ጠቆረ። በአፏ የምትስበው መድኃኒት ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ቁልፉ ርዕሰ መምህሩ ኪስ ውስጥ፣ ርዕሰ መምህሩ ስብሰባ ውስጥ። ስልካቸው ዝግ ነው። ወይ ጉድ!

ልጅቱን ለባልደረባዬ ትቼ ሮጥሁ። ጥበቃው አያ ደምስ የቢሮውን በር ከፈቱልኝ፤ የቁም ሣጥኑ ቁልፍ ግን እሳቸውም ዘንድ የለም።

«በዲጅኖው ይስበሩልኝ!» አልሁ።

«አይ መምህር፣ ንብረቱን ፈርሜ የተረከብሁት እኔ ነኝ። ‹ይሰበር› ብለው ይጻፉልኝ።»

«አያ ደምስ፣ ልጅቱ እየሞተች ነው እኮ!»

«እንግዲያስ አጭር አድርገው ይጻፉት።»

ጻፍሁ። ስናገረው አፍራለሁ፤ ቀኑንም ጽፌያለሁ። አያ ደምስ ወረቀቱን ኪሳቸው ከተቱና የቁም ሣጥኑን በር በአንድ ምት ገነጠሉት። መድኃኒቱን ይዤ በረርሁ። ጥሩወርቅ ሁለት ጊዜ ሳበች፤ ጥቂት ቆይቶ ፊቷ ላይ ደም ተመለሰ። እኔም አጠገቧ መሬት ላይ ቁጭ አልሁ።

የተሰበረውን ለማየት ስመለስ ቁም ሣጥኑ ባዶ ነው። ሌላ አንዲት ፍሬ ኪኒን የለችበትም። እኔ ክፍል ብቻ እንኳ የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሁለት፣ ስኳር ያለበት አንድ ልጅ አሉኝ። ጠርቼ የእናንተስ የት አለ ብላቸው፣ አንዱ ከካልሲው፣ ሌላዋ ከነጠላዋ ጫፍ፣ ሦስተኛው ከምሳ ዕቃው ሥር አወጡ።

ያን መመሪያዬን ከትምህርት ቤቱ ሁሉ ያከበረችልኝ አንዲት ልጅ ብቻ ኖራለች። እሷኑ ልገድላት ነበር።