የእትዬ አበዛሽ ጃንጥላዎች

እትዬ አበዛሽ ማለዳ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የቆርቆሮ በራቸውን ይከፍታሉ፣ በርጩማቸውን ከበሩ ጥላ ሥር ያወጣሉ፣ እግራቸውን በጋቢ ይጠቀልላሉ፤ ከዚያም ጃንጥላ መቁጠር ይጀምራሉ።

በየሰፈሩ እንዲህ ያለ ሰው አንድ አይጠፋም። ማንም ሳይሾመው፣ ማን እንደወጣ፣ ማን እንደገባ፣ የማን ፊት እንደጠቆረ የሚከታተል። በሌላው ሰፈር ይህ ሥራ የሚሠራው በዓይን ነው። ክብርት እትዬ አበዛሽ ግን ዓይናቸውን ሞራ ስለጋረደው ፊት አይለዩም። የሚለዩት ጃንጥላ ነው። ዝናብ በማይለያት ቦንጋ ላይ ደግሞ ጃንጥላ ሳይዝ የሚወጣ ሰው ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ ፍቅር ይዞታል።

ቀዩ ጃንጥላ የነርሷ የሩሀማ ነው። ሁለት ሰው የሚያስጠልለው ትልቁ፣ የጡረተኛው መምህር የጋሽ ከፈለኝ። ጥቁር ሆኖ አንድ ጎኑ እንደ ተሰበረ ክንፍ የሚንጠለጠለው የሐዲስ ነው። አንዱ ጃንጥላ በሰዓቱ ካላለፈ ሰፈሩ ዕረፍት የለውም። ጋሽ ከፈለኝ ለሠርግ ሺሺንዳ ሄደው ሁለት ቀን የቆዩ ጊዜ፣ ሲመለሱ በራቸው ላይ ሦስት ሰው ቆሞ ጠበቃቸው። «ለወረዳው በደብዳቤ ማሳወቅ ነበረብኝ» አሉ ጋሽ ከፈለኝ፣ ጫማቸውን እያወለቁ። ሩሀማ ቀዩን ትታ ሰማያዊ የገዛች ለት ደግሞ የባሰ መጣ። ቀዩ ጃንጥላ ባለማለፉ፣ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ሩሀማ ወደ ደካ ተዛወረች ተባለ፤ ሁለት ጎረቤቶችም የመሰናበቻ ማር ይዘው መጡ። ሩሀማ ነገሩን አስረዳች። ማሩን ግን አልመለሰችም።

ሐዲስ ከደብረ ብርሃን ተመድቦ የመጣ የመሬት ልኬት ባለሙያ ነው። ቦንጋ ከገባ ሁለት ዓመቱ ነው። ዝምታ ይወዳል፤ ሰው ሲጠይቀው አይወድም። ይህን ጠባዩን ግን ለእትዬ አበዛሽ የነገራቸው የለም።

«ሐዲስዬ፣ አለህ?» ይሉታል፣ ገና ከሩቅ። «ቁርስ ቀመስክ? እናትህ ደወለች?»

ሐዲስ ጃንጥላውን በእሳቸው በኩል ዝቅ አድርጎ ያልፋል። ሲበዛ «እ» ይላል። አንድ ሰሞን ሙያውን ተጠቅሞ በወንዙ በኩል የሚዞር ሌላ መንገድ ለካ፤ አራት መቶ ሜትር ይርቃል፣ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው፣ ነገር ግን ጥያቄ የለበትም። በሦስተኛው ቀን አንዲት ጎረቤት ቢሮው ድረስ መልእክት ይዛ መጣች፤ የሥራ ባልደረቦቹ ሁሉ በተሰበሰቡበትም አደረሰችው። «እትዬ አበዛሽ፣ ‹ጃንጥላህ ጠዋት ጠዋት ወደ ወንዝ ሲወርድ ታየ፤ ሆድህን አሞህ ከሆነ አትፈር፣ መድኃኒት አለኝ› ብለውሃል።»

ሐዲስ በማግስቱ ወደ ዋናው መንገድ ተመለሰ። ከበርጩማቸው ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ቆመና፣ «እትዬ አበዛሽ፣ የሰው መውጣትና መግባት ለእርስዎ ምን ያደርግልዎታል?» አላቸው።

እትዬ አበዛሽ አልተቆጡም። «ቃየልም ‹ወንድምህ ወዴት ነው› ሲባል ምን አገባኝ ነው ያለው» አሉና ወደሚፈለፍሉት ባቄላ ተመለሱ።

ሐዲስ በልጅነቱ ዲቁና የተማረ ነው። ጥቅሱን ያውቀዋል፤ ጥያቄውን አልደገመም። ጃንጥላውን ግን ከድሮው ይበልጥ ዝቅ ማድረግ ጀመረ።

በመስከረም መጨረሻ አንድ ዓርብ፣ ከቢሮ ሲወጡ ዝናብ ያዛቸውና ሐዲስ ጃንጥላውን ለሥራ ባልደረባው ለሚሊዮን አዋሰው። የሚሊዮን ቤት በዚያው መንገድ ራቅ ይላል፤ የእሱ ቅርብ ነው። እስኪደርስ ግን ሸሚዙ በሰበሰ። እሑድ ብርድ ብርድ አለው። ሰኞ ከአልጋው መነሳት አቃተው። ስልኩ ባትሪ ጨርሶ ጠፍቷል፤ መብራት ከሄደ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ቢሮ ውስጥ «ሐዲስስ?» ያለ ሰው ነበር፤ አንዱ «ወደ ማንኪራ ፊልድ ወጥቷል መሰለኝ» ብሎ መለሰ፤ ነገሩም በዚሁ ተዘጋ። አከራዩ ለለቅሶ ሄደዋል። ማክሰኞ ጠዋት ጀሪካኑ ውስጥ የቀረው ውኃ አንድ ብርጭቆ አይሞላም፤ ያንንም ተነስቶ ለመቅዳት ጉልበት አጣ።

እንደዚያ ተኝቶ ሲያሰላ አንድ ነገር ገባው። ያ የተሰበረ ጃንጥላ በሚሊዮን እጅ ሆኖ ሰኞም ማክሰኞም በእትዬ አበዛሽ በር አልፏል። በከተማው ውስጥ የሱን መቅረት የምታውቅ አንዲት ዓይን ነበረች፤ እሷም ሞራ ያለባት ናት። በእትዬ አበዛሽ ቆጠራ ሐዲስ ሥራ ገብቷል።

አራት ሰዓት ሲሆን በሩ ተንኳኳ።

«ሐዲስ፣ አለህ?»

መልስ ለመስጠት ሁለት ጊዜ ሞከረ። «አለሁ» አለ በሦስተኛው።

እትዬ አበዛሽ በሩሀማ ክንድ ተደግፈው ገቡ። ሩሀማ ግንባሩን ዳሰሰችና ውኃ ፍለጋ ወጣች። እሳቸው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ሲጨነቁ እንደሚያደርጉት በአፍ መፍቻቸው በካፊኖኖ አንድ ሁለት ነገር ለራሳቸው ካሉ በኋላ ወደ አማርኛው ተመለሱ።

«ጃንጥላዬ አልፏል እኮ» አለ ሐዲስ። «በምን አወቁ?»

«አልፏል። ሰኞ ዕለት ‹አለህ?› ብዬ ብጠይቀው፣ ጃንጥላህ ‹እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ እንዴት አደሩ፣ ዓይንዎን ተሻለዎት› አለኝ። ድምፁን ጉንፋን የዘጋው መስሎኝ፣ ልጁን እግዜር ጎበኘው ብዬ ደስ አለኝ። ዛሬም ሲደግመው ግን ነገሩ አላማረኝም። የሐዲስ ደግነት ሁለት ቀን አይቆይም አልኩ።»

ሐዲስ ሊስቅ ሲል ሳል ያዘው። ሩሀማ ባጃጅ አስጠርታ ጤና ጣቢያ ወሰደችው፤ ወባ ነበር። መድኃኒቱን እየሰጠችው «አንድ ቀን ብትጨምር ኖሮ» ብላ ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርስ ተወችው።

ሳምንቱን ሙሉ አጥሚት ከእትዬ አበዛሽ ቤት ተመላለሰ። ከአጥሚቱ ጋር ጥያቄውም አልቀረም፤ እናቱ ደውላ እንደሆነ፣ ላብ ላብ ብሎት እንደሆነ፣ ሚሊዮን የሚባለው ልጅ ያገባ እንደሆነ። ሐዲስ ሁሉንም መለሰ። እናቱ አልደወለችም ነበርና፣ በዚያው እሱ ደወለላት።

በኅዳር ልጃቸው እትዬ አበዛሽን ለዓይናቸው ሞራ ወደ ጅማ ወሰዳቸው። አሥር ቀን ይቆያሉ ተባለ። አውቶቡሱ ሲነሳ በመስኮቱ ያሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «በርጩማው ከበሩ ጀርባ ነው።» ለማን እንዳሉት አልታወቀም።

ሰኞ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሐዲስ የቆርቆሮውን በር ከፍቶ በርጩማውን አወጣ። ሰው እንዳያየው ጃንጥላውን ከፍቶ ከሥሩ ተቀመጠ። ሩሀማ በሰማያዊው አለፈች፤ አየችው፣ ትንሽ ከሄደች በኋላ ትከሻዋ በሳቅ ሲንቀጠቀጥ ታየ። ሚሊዮን አለፈ። ሁለት ሰዓት ሆነ፤ ትልቁ ጃንጥላ አልመጣም። ሐዲስ እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ጠበቀ። ከዚያ በርጩማውን አስገብቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ ቢሮው ካለበት በተቃራኒ ዳገቱን ወጣ።

የጋሽ ከፈለኝ በር ተዘግቷል። አንኳኳ።

«ጋሽ ከፈለኝ፣ አሉ?»

ውስጥ አልጋ ተንቋቋ። «አለሁ» አሉ ጋሽ ከፈለኝ። «ጉልበቴ ነው። አንተም ጀመርክ?»

ሐዲስ በዚያ ቀን ቢሮ የገባው አራት ሰዓት ላይ ነው።