እንደ ወፍጮ የሚያጓራው ሰርቨር

የማያውቀውን ዕቃ የሚገዛ ሰው ሚዛኑ ክብደት ነው። ሐብሐቡን በእጁ ያነሣል፣ በጣቱ ያንኳኳል፣ ከዚያ «ይሄ ይሻላል» ይላል። በምን እንደሚሻል ብትጠይቁት እሱም አያውቅ። እኔም ሰርቨር የገዛሁት እንደዚሁ ነው። ግን ቀድሜ፣ ምን ቆርጦን ሰርቨር ፍለጋ እንደ ወጣን ልንገራችሁ።

ቆቦ ላይ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ የቤት ፕላን የምንሠራበት ትንሽ ቢሮ ነበረን። እኔ፣ ባልደረባዬ ሰይድ፣ ከአላማጣ የመጣችው ነዳፊያችን ትርሐስ፤ በቃ፣ ይኸው ነን። አንዱን ፕላን ሦስታችንም በየኮምፒውተራችን እንነካዋለን፤ በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ መንገድ ላይ ቫይረስ ይይዘዋል፤ አንዳንዴም አሮጌው አዲሱን መስሎ ይታተማል። ጎብዬ ላይ ካፌ የሚያሠሩ አንድ ደንበኛችን፣ ግንበኛቸው የመጸዳጃ ቤቱን በር ወደ ኬክ ማሳያው አዙሮ ቢያገኙት ፕላኑን ይዘው መጡ። ግንበኛው ምን ያድርግ? ያተምንለት አሮጌውን ነው። በሩን በእኛው ወጪ አስዞርን። ፋይል ሁሉ አንድ ቦታ ተቀምጦ ሦስታችንም ከዚያው የምንቀዳበት ሰርቨር እንዲገዛ የተወሰነው ያኔ ነው።

የትኛው ይገዛ የሚለው ላይ ግን ከሰይድ ጋር ተለያየን። እሱ የፈለገው ሬዲዮ የምታህል፣ ሁለት ዲስክ የምትይዝ ሳጥን ነበር። የሚቀመጠው ሁሉ በሁለቱም ላይ ይቀመጣል፤ አንዱ ቢሞት ሌላው አለ። «አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም» አለኝ። እኔ ደግሞ አዲስ አበባ፣ ከአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ወጥቶ የሚሸጥ፣ ሁለት ሰው የሚሸከመው ሰርቨር አይቼ ነበር። ፊቱ ላይ ትንንሽ መብራቶች ይርገበገባሉ። እንዲህ ያለ ነገር ከጎኔ ቆሞ ደንበኛ ቢያየኝ ክብር አይደለም ወይ? ሬዲዮ የምታህል ሳጥንስ ማን ያከብራል? ሰይድ፣ «አንተ የምትፈልግ ሰርቨር ነው ወይስ ሚዜ?» አለኝ።

ተከራክሬ አሸነፍኩ። ክርክር ማሸነፍና ትክክል መሆን ዘመዳሞች እንዳልሆኑ የገባኝ ማሽኑ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ቆቦ ከደረሰ በኋላ ነው።

ሻጩ የራያን የግንቦት ሙቀት አያውቅም፤ ማሽኑም አያውቅም። ማብሪያውን ስጫነው በውስጡ ያሉት ማራገቢያዎች መጀመሪያ አፏጩ፣ ቀጥለው አጓሩ፣ ከዚያ ወዲያ ዝም ማለት አልሆነላቸውም። የሚስቡት አየር ራሱ ትኩስ ሲሆን ምን ያድርጉ? ትርሐስ ስልክ ለማናገር መንገድ ዳር መውጣት ጀመረች። መብራት ሲጠፋ ይደግፈዋል ብለን የገዛነው ዩፒኤስ ገና ሲሰካበት ሲጥ ብሎ ጠፋ። እኔ ግን «ይለመዳል» እላለሁ።

አንድ የገበያ ቀን አንዲት እናት ማሽላ በአህያ ጭነው በራችን ላይ ቆሙና ወረፋው የት እንደሆነ ጠየቁን። ሰይድ በትሕትና፣ «እናቴ፣ ይሄ ወፍጮ አይደለም፤ የቤት ፕላን ነው የሚያስቀምጥ» አላቸው። ሴትዮዋ ጆሯቸውን ሰጥተው አዳመጡ። «ለማስቀመጥ ነው እንዲህ የሚያጓራ?» ብለው አህያዋን መለሱ።

ይሄስ ቀልድ ነው። የከበደን የአከራያችን የእትዬ ከድጃ ነገር ነው። ቤታቸው ከቢሮአችን ጋር በአንድ ግድግዳ ይዋሰናል፤ ልጃቸው ዘምዘም ከዋጃ መጥታ የመጀመሪያ ልጇን እናቷ ዘንድ ተገላግላለች። እትዬ ከድጃ ገቡ፤ ተቀመጡ ብንላቸው አልተቀመጡም።

«ልጆቼ፣ እኔ ቤቴን ያከራየሁ ለጽሕፈት ነው» አሉ። «አራስ ቤት አጠገብ እንዲህ ይሆናል ወይ? ወላሂ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል። ወይ እሱ ይውጣ፣ ወይ አብራችሁት ውጡ።»

እስከ ወሩ መጨረሻ ጊዜ ሰጡን። ደንበኛ ወደ እኛ የሚዞረው አጠገባችን ካለው የወረዳ ጽሕፈት ቤት የግንባታ ፈቃድ ሊጠይቅ ሲመጣ በዚያው ነው፤ በዚያ አካባቢ ደግሞ ሌላ ባዶ ቤት የለም። ከዚህ ቤት ወጣን ማለት እንጀራችን ተነሣ ማለት ነው። ሰይድን «እሺ፣ ሳጥንህን አምጣ» አልኩት። ወዲያው ስልኩን አንሥቶ ደሴ ደወለ። «ብዬህ ነበር» ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።

ሳጥኗ ከደሴ መጣች። ሁለቱን ዲስክ ጎርሳ መደርደሪያ ላይ ቁጭ አለች። መሥራቷን ለማረጋገጥ ጆሮዬን ማስጠጋት ነበረብኝ። ያ አኩራፊ ዩፒኤስም እሷን ያለ ቅሬታ ተሸከማት፤ መብራት ሄዶ ሲመለስ እንደበራች አገኘናት። ፋይላችንን ሁሉ ወደ እሷ ገልብጠን ትልቁን አጠፋነው፤ ጨርቅም አለበስነው። ትርሐስ «አሁን ገና ቢሮ ሆነ» አለች።

ጥቂት ቀናት ቆይተው እትዬ ከድጃ ተመለሱ። ሊያመሰግኑን ነው ብዬ ወንበር አቀረብኩ። አሁን ተቀመጡ። ዓይናቸው ቀልቷል። ጥግ ላይ የተሸፈነውን ሰርቨር እያዩ፣ «ሞተ ወይ?» አሉ።

አልሞተም፣ እንዳሉት አጥፍተነው ነው አልኳቸው።

«ልጁ እምቢ አለ።»

«ምኑን ነው እምቢ ያለው?»

«እንቅልፍ ነዋ። ከተወለደ ጀምሮ የሚተኛ በእሱ ጩኸት ነው፤ ለካ ለምዶት ኖሯል። ይሄው እሱ ዝም ካለ ወዲህ ልጁ በተራው ያጓራል። ዘምዘምም አልተኛች፣ እኔም አልተኛሁ። ለአላህ ብላችሁ ቀስቅሱትና ልጁ ይተኛ።»

ሰይድ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ ትከሻው ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጨርቁን ገፍፌ ማብሪያውን ተጫንኩ። ማራገቢያዎቹ አፏጩ፣ ቀጥለው አጓሩ። ከግድግዳው ወዲያ የነበረው ለቅሶ ረገብ አለ፣ ተቆራረጠ፣ ቆመ። እትዬ ከድጃ «አልሃምዱሊላህ» አሉና እዚያው ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ይዟቸው ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ትንሿ ሳጥን ሥራዋን ድምፅ ሳታሰማ ትሠራለች፤ ትልቁ ደግሞ ዲስኩ ወጥቶ፣ በባዶ ሆዱ፣ ልጁ እንዲተኛ ከምሳ በኋላ ያጓራል። የሚገባ ደንበኛ ሁሉ ዓይኑ እሱ ላይ ነውና ሥራው ምን እንደሆነ መጠየቁ አይቀርም። መልሱን ለሰይድ ትቼዋለሁ።

«ፋይል እንዲይዝ ነበር የገዛነው» ይላቸዋል ሳይስቅ፣ «ልጅ ይዞ ቀረ።»