ሰፊ ሌንስ በጠባብ ሳሎን

ፎቶ ላይ ጎን ለጎን የቆሙ ሰዎች ሁሉ ይዋደዳሉ ብላችሁ የምታምኑ ከሆነ፣ ደግ ሰዎች ናችሁ። ተራ ካሜራ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያይ ፍጡር ነው፤ ፊት የቆመውንም ኋላ የቆመውንም አንድ ላይ ይለጥፈዋል። የእኔው ግን ባለ ሁለት ሌንስ ነው። እንደ ግራና ቀኝ ዓይን ባንዴ ሁለት ፎቶ ያነሳል፤ ሁለቱን ካርቶን ላይ አጣብቃችሁ በመመልከቻ መነጽሩ ስታዩዋቸው፣ ሰዉ እጃችሁን ዘርግታችሁ የምትነኩት ይመስላል። ባለቤቴ «አንዱን ፎቶ ሁለት ጊዜ የማተም በሽታ» ይለዋል።

ችግሩ የቦታ ጥበት ነው። ሮቫ ጊሜል በሚባለው ሰፈር ባለው የእናቴ ሳሎን ውስጥ ጀርባዬን ግድግዳ ላይ ለጥፌም ባነሳ፣ ከቤተሰቡ ግማሹ ውጭ ይቀራል። የእህቴ ልጅ ጸባ ልትገባ፣ ወታደር ልትሆን ማለቴ ነው፣ ሁላችንም የተሰበሰብን ዕለት ታዲያ ካሜራው ላይ የሚለጠፉ ሁለት ትንንሽ ሰፊ ሌንሶች ይዤ ሄድኩ። እንደ ጫማ ናቸው፤ ግራና ቀኙ ካልተመሳሰሉ ራስ ያሳምማሉ።

እናቴ ፊት ተቀመጠች። ወንድሞቼ አድማሱና ይርጋ ከኋላ ቆሙ። አባታችን ካረፈ ወዲህ አይነጋገሩም። አድማሱ እናታችንን ሮቫ ሔት ሰፈር ወዳለው ሰፊ ዲራዬ፣ አፓርታማዬ ማለቱ ነው፣ ልውሰዳት ይላል፤ ይርጋ የለም፣ እኔ ቤት ትሁን ይላል። እሷን የጠየቃት የለም። አንድ ዓይኔን ጨፍኜ በካሜራው መስኮት ሳያቸው ግን ትከሻ ለትከሻ ገጥመዋል። ደስ አለኝና አነሳሁ።

ፎቶውን አሳትሜ ስወስድላት፣ እናቴ መነጽሩን ዓይኗ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች።

«ምነው ጉልበቴ እንዲህ ገዘፈ?»

«ሰፊ ሌንስ ቅርቡን ያገዝፋል፣ ሩቁን ያርቃል፣ እማዬ።»

«ይርጋ ከኋላዬ ነው። አድማሱ ግን ወጥ ቤቱ በር ላይ ነው የቆመው።»

«ሌንሱ ነው እኮ፤ አጋኖት ነው።»

«ቢያጋንነውም፣ በሩ ላይ ያቆመው ሌንሱ አይደለም» አለችኝና ስልኳን አነሳች።

ዓርብ ረፋዱ ላይ ሁለቱም መጡ። አንዱ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፣ አንዱ መስኮቱ ሥር ቆመ። ፎቶውን በየተራ አሳየቻቸው። ይርጋ አይቶ መነጽሩን መለሰላት።

«ቦታ ስላልነበረ ነው» አለ አድማሱ።

«ቦታስ ነበር» አለች እናቴ። «ደግሞ ስሙኝ፤ እኔ ከዚህ ቤት አልወጣም። ጎረቤቶቼ እዚህ ናቸው፣ ጸሎት ቤቱ እዚህ ነው፣ አውቶቡሱም ደጄ ላይ ይቆማል። የምትመጡት እናንተ ናችሁ።»

ይህን ብላ መቀስ አመጣችና ካርቶኑን ከመሀሉ ቆረጠችው። ጮህኩ። አልሰማችኝም። ግራውን ለአድማሱ፣ ቀኙን ለይርጋ ሰጠች፤ መነጽሩን መሳቢያዋ ውስጥ ቆለፈችበት።

«ደህና አድርጋችሁ ማየት ስትፈልጉ፣ ሁለታችሁም ይዛችሁ ትመጣላችሁ።»

አድማሱ ሳቁን ሊይዝ ሞከረ፤ ይርጋ ግን ቀድሞት ሳቀ።

ይኸው አሁን በየበዓሉ ዋዜማ ግማሽ ግማሻቸውን በኪሳቸው ይዘው ይመጣሉ። ጠርዙ ተላልጧል፣ የይርጋው ላይ ሻይ ፈስሶበታል። ፎቶው ኮምፒውተሬ ውስጥ እንዳለ፣ የፈለጉትን ያህል ላትምላቸው እንደምችል ሁለቱም አሳምረው ያውቃሉ። እስካሁን «አትሚልኝ» ያለኝ የለም።